በታቦት የተቆለፈ ካርድ

ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ፎቁ፣ ስለ መንገዱና ስለ ምግቡ ያወራል። እኔ ናይሮቢ ደርሼ መጥቼ የማወራው ስለ አንዲት የባንክ ካርድ ነው። ፎቁንም አይቻለሁ፣ መንገዱንም ተመላልሼበታለሁ፤ ሰው «እንዴት ነበር?» ሲለኝ ግን ቀድማ አፌ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። ባለቤቴ ብርቱካን እንግዳ በመጣ ቁጥር ገና ሳይቀመጥ «የካርዱን ነገር ጠይቁትና ይውጣለት» ትላለች። እናንተም እንደ እንግዳ ተቆጠሩልኝና ይውጣልኝ።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው፤ ቤቴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ የሚባል ሰፈር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት በማይክሮስኮፕ ሳይ የምውል ሰው ነኝና ይህ ሥራ አንድ ቀን አውሮፕላን ላይ ያወጣኛል ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም። አለቃዬ ቢሮ አስጠርተው ለሥልጠና ናይሮቢ መመረጤን ሲነግሩኝ ሌላ ሰው ቢሆን ስለ አበሉና ስለ ሻንጣው ባሰበ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ አባባ ጆሮ ነው።

አባባ የሚኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ከመናኸሪያው ወርዳችሁ «የአያ ፈንቴ ቤት የት ነው?» ብትሉ ሰው እየተቀባበለ ደጁ ድረስ ያደርሳችኋል። ገበሬ ነው፤ ስሙ የሚነሳው ግን በእርሻው ሳይሆን በጨዋታውና በሽምግልናው ነው። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱን ያስኮረፈ፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጆሮው እየከዳው መጣ። መጀመሪያ «የዘንድሮ ልጆች ቃል እየዋጡ ነው የሚናገሩት» ይል ነበር። ቆይቶ ቄሱም ቃል መዋጥ ጀመሩ። በመጨረሻ ውሻውም መጮህ ተወ።

ይሄ ሁሉ ያስቃል፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ሁለት ባላንጣዎችን ሊያስታርቅ ተቀምጦ አንደኛው አቤቱታውን ሲጨርስ «እውነትህን ነው» አለ። ሁለተኛው ተነስቶ ያኛው ቀጣፊ መሆኑን ሲያስረዳም «እውነትህን ነው» አለ። ሁለቱም ረትተው ወደ ቤታቸው ሄዱና በማግሥቱ ዱላ ተማዘዙ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟች እንዴት እንዳረፉ ሲነግሩት ራሱን እየነቀነቀ «ሸጋ! ሸጋ ነው!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መሀል መቀመጥ ተወ። መቀመጫ ዱካውን በሩ ላይ ያወጣና አላፊ አግዳሚውን እጁን እያነሳ ሰላም ይላል፤ ሰው ቆም ብሎ ሊያጫውተው ሲል «በል ሂድ፣ ሥራ አትፍታ» እያለ ይሸኘዋል። ያን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ ከሰው ሸሽቶ ተቀምጦ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

እኛ ሆስፒታል መጥቶ ተመረመረ፤ ሐኪሙም ጆሮው ላይ የሚሰካ መስሚያ እንደሚያስፈልገው ነገረን። እዚህ ለማግኘት ብዙ ወረፋ ነበረው። ናይሮቢ የተማረ አንድ ባልደረባዬ ግን እዚያ የምርመራውን ውጤት ይዞ የሄደ ሰው በዕለቱ ገዝቶ እንደሚመለስ ነገረኝ። እንግዲህ አለቃዬ ናይሮቢ ሲሉኝ ሌላ ምን ላስብ?

ገንዘቡን በጥሬው ይዤ ልሄድ ነበር። ፒያሳ ያለው ባንክ ቤት ስሄድ ግን አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ለውጭ አገር የሚሆን ካርድ ሰጠችኝ። ለትንንሽ ሂሳብ ማሽኑ ላይ ጠጋ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ለትልቅ ሂሳብ ግን አራት አሃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል አለችኝ። «ቁጥሩን ውጭ ባለው ኤቲኤም ላይ ራስህ ምረጥ። ለማንም እንዳትናገር» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ችግሩ የዚያን ቀን ብቻዬን አልነበርኩም። አባባ ለምርመራው ጎንደር ሰንብቶ ስለነበር አብሮኝ ነበር፤ እሱም የያዝኩት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ።

«ገንዘቡ እዚህ ውስጥ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ባንክ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ታዲያ ቁልፉ የታለ?» አለ አባባ። የማይሰማ ሰው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋልና ድምፁ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

«ቁልፍ የለውም አባባ! ቁጥር ነው!»

«ቁጥሩን ማን ይይዘዋል?»

«እኔ!»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ? በሰው አገር ብቻህን ስትንከራተት አራት ቁጥር ከራስህ አይጠፋም? ለታቦት ስጠውና አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ።

ነገሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ «ወር በገባ በሃያ ሦስት» ብሎ አያውቅም፤ ጊዮርጊስ ነው የሚለው። ቀጠሮውም፣ ጉባኤውም፣ ላሟ የምትወልድበት ቀንም በታቦት ነው የሚቆጠረው። ሁለት ታቦት ደግሞ አራት አሃዝ ይሆናል፤ ካርዱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። እንዲያውም ይህን ባንኩ እስከ ዛሬ እንዴት ሳያስበው ቀረ ብዬ ገረመኝ።

ኤቲኤሙ ፊት ቆምን። «ጊዮርጊስን አስቀድም፣ ደብራችን ነው። ቀጥሎ ሚካኤልን፣ የማኅበሬ ነው» አለ አባባ። ሃያ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ብዬ መታሁ። ማሽኑ ተቀበለ። ካርዱን ይዤ መንገድ ስጀምር አባባ እንደ ቆመ ቀረ።

«እመቤታችንንስ?» አለ።

ተመለስኩ። ማርያምን ሃያ አንድ ብዬ አስቀደምኩና ጊዮርጊስን አስከተልኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድን አባባ እንደገና ቆመ። «ሚካኤልን አስወጣነው ማለት ነው? እንግዲህ ማኅበር ላይ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለ። ከኋላችን የቆመው ሰልፍ ሕንፃውን ዞሮ ነበር። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «ገብርኤልን የመሰለ ጠባቂ እያለ!» አሉ። ዘበኛው ሳይቀር ጠመንጃውን አስተካክሎ «አቦን ምነው ረሳችሁ?» አለን። አንዱ ደግሞ ትዕግሥቱ አልቆ «ወንድሜ፣ የጎንደርን አርባ አራት ታቦት በሙሉ ልታስገባ ነው?» ብሎ ጮኸ።

ይሄኔ አባባ እንደ ድሮው ሽምግልና እንደ ተቀመጠ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ሰልፉን ጸጥ አሰኘ። ከዚያም ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ነገር ተናገረ። ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ይሄስ ሸጋ ነው!» አለ። እኔም አፍሬና አልቦኝ ያለኝን መታሁ፤ ማሽኑ ተቀበለ፤ ሄድን። ምን እንዳለ አሁን በነገርኳችሁ፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። የምስጢር ቁጥሬን ሰልፉ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ የማላውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ።

ቤት ስገባ ብርቱካን መርፌና ክር ይዛ ጠበቀችኝ። ሱሪዬን ገልብጣ ከቀበቶው በታች፣ ከሆዴ ጋር የሚገጥም ኪስ ሰፋችልኝ። ዚፕም አደረገችለት።

«እዚህ ከሆነ እኔስ በምን አወጣዋለሁ?» አልኳት።

«ሌባ ሊወስድብህ ቢፈልግ እንኳ መጀመሪያ ማፈር አለበት» አለችኝ።

በዚህ ሁኔታ ናይሮቢ ገባሁ። መጀመሪያ ካርዷን የሞከርኩት ሻይ ቤት ነው። ማሽኑ ላይ ጠጋ አደረግኳት፣ ጢጥ አለች፣ አለቀ። ሰው አያስቆጥርህ፣ መልስ የለኝም አይልህ። ደስታው ልቤን ነሳኝ። ያልጠማኝን ውኃ ገዛሁ፤ ጢጥ። ጃንጥላ ገዛሁ፤ ጢጥ። ዝናብ አልነበረም። ችግሩ ከእያንዳንዱ ጢጥ በፊት መጸዳጃ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ የብርቱካን ኪስ አደባባይ ላይ የሚከፈት አይደለም።

ሥልጠናው ላይ ከጋና የመጣ አንድ ሳቂታ ባልደረባ ነበረኝ፤ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ምሳ ላይ እሱና ሌሎች ጥቂት ሠልጣኞች ሆነን የፍየል ጥብስ በላን። ሂሳቡ ሲመጣ እያንዳንዱ የበላውን ሊከፍል ኪሱን ዳበሰ። እኔ የጎንደር ልጅ እንዴት ችዬ ልየው? ብድግ አልኩና ወረቀቱን ከአስተናጋጁ እጅ ነጠቅኩ። «በፍጹም! እኔ እያለሁ!» አልኩ። አሁን አንዱ ክንዴን ይይዛል፣ ሌላው በእናቱ ይምላል፣ ትንሽ እንታገላለን፣ በመጨረሻም ተረትቼ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። ሁሉም «እናመሰግናለን» አሉና ጥርሳቸውን መጎርጎር ጀመሩ። አንድም የታገለ አልነበረም።

እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመራሁ። የዚያን ቀን ደግሞ ዚፑ እንቢ አለ። ስጎትት፣ ስለምነው፣ ስረግመው ቆየሁ። አስተናጋጁ ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ጠፋ ብሎ ይመስለኛል መጥቶ በሩን አንኳኳ። «እየከፈልኩ ነው!» ብዬ ከውስጥ ጮኽኩ። ስወጣ ገበታው በሙሉ በሳቅ ፈርሷል። ከዚያ ወዲያ እኔ ለእውነተኛ ጉዳዬ እንኳ መጸዳጃ ቤት ስሄድ የጋናው ሰው «ዝም በሉት፣ እየከፈለ ነው» ይል ጀመር።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አውሮፕላኔ በማግሥቱ ማለዳ ነው። የጋናው ባልደረባዬን አስከትዬ የጆሮ መስሚያ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሙያዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የአባባን የምርመራ ውጤት ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ ስትጽፍ ቆየችና መሣሪያውን ልክ ለእሱ ጆሮ አስተካከለችው። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። እጄ ላይ አስቀምጬ ሳያት አባባ ወደ ሰው ሲመለስ ታየኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ካርዴን ቀድሜ ከኪሷ አውጥቼ ስለነበር በኩራት ማሽኑ ላይ ጠጋ አደረግኳት።

ጢጥ አላለችም። ቁጥር ጠየቀች።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጥሩን አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ራሴ ውስጥ ስፈልግ ያገኘሁት ሰልፉን፣ ላቤንና የዘበኛውን ጠመንጃ ብቻ ነው። ጊዮርጊስና ሚካኤል ብዬ መታሁ። ስህተት አለ። ማርያምና ጊዮርጊስ ብዬ መታሁ። ስህተት አለ።

«ተጠንቀቅ» አለችኝ ባለሙያዋ። «አንዴ ብቻ ነው የቀረህ። ከተሳሳትክ ካርዱ ይቆለፋል፤ የሚከፍትልህም አገርህ ያለው ባንክ ነው።»

ወደ ባንኩ ደወልኩ። ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ የምስጢር ቁጥሩን እነሱም እንደማያውቁት ነገሩኝ። የጋናው ባልደረባዬ ኪሱን አራግፎ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፤ ለማሸጊያ ሳጥኑ እንኳ አይበቃም። ብርቱካን ጋ ደወልኩና አባባ ስለ መረጠው ቁጥር የነገራት ነገር እንዳለ ጠየቅኳት።

«እኔ ኪስ ነው የሰፋሁት። የታቦቱን ነገር ከአባትህ ጋር ጨርስ» አለችኝ።

አሁን ጉዱን ተመልከቱልኝ። መስሚያውን ለመግዛት አባባን መጠየቅ አለብኝ፤ አባባ ጥያቄዬን ለመስማት ደግሞ መስሚያው ያስፈልገዋል። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ አለምነሽ ጋ ደወልኩ። አለምነሽ ከአባባ ቤት አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ናት፤ ድምፅዋ ከዳር እስከ ዳር ገበያውን ያቋርጣል። ደግነቱ ዕለቱም የገበያ ቀን ነበር፣ ኔትወርኩም ፈቅዶልናል።

«ውይ አንተዬ! እንዴት ነህ? አገሩ ይበርዳል? እንጀራስ ይገኛል?»

«አለምነሽ፣ ደህና ነኝ፤ አባባን አቅርቢልኝ። የካርዱን ታቦት ጠይቂልኝ።»

«የምኑን?»

«የካርዱን ታቦት! ጎንደር ባንክ ቤት የመረጥነውን!»

አጠገቤ የነበሩት ደንበኞች አለምነሽን ያለ ስልክም መስማት እንደሚቻል ተረዱ። አለምነሽ አባባን ሱቋ ድረስ ጎትታ አምጥታ ጆሮው ሥር ስትጮህ ናይሮቢ ያለው መስታወት ነዘረ። ከአራተኛው ጩኸት በኋላ የአባባ ድምፅ መጣ።

«ነግሬው የለም እንዴ! እመቤታችንን ከልጇ ጋር!»

ትዝ አለኝ! ሰልፉን ያስማማው ይህ ነበር፤ እናትን ከልጇ ማን ይለያል፣ ማንስ ይቀድማል? ሃያ አንድ ብዬ መታሁና ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ልጇ አንድ ነው፤ የሚከበርበት ቀን ግን አንድ አይደለም። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ነው፣ ሃያ ስምንት አማኑኤል፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ተሰልፈው ቆመው ያዩኛል፤ ያለኝ ዕድል ደግሞ አንድ ነው። ማሽኑን አስቆምኩና ጮኽኩ።

«አለምነሽ! የትኛው ልጇ በይው!»

አለምነሽም ሳታስብ፣ እንዳለ አድርጋ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጆሮው ሥር አንቧረቀችው። የሚያሳዝነው ይህችን አንዷን ጥሩ አድርጎ ሰማት።

«የትኛው ልጇ?» አለ አባባ። «ሰማችሁ ሰዎች? የትኛው ልጇ አለኝ! ስንት ልጅ አላት! ወየው ልጄ፣ በሰው አገር ሃይማኖቱን አስጥለው ሰደዱት! ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አልነጋገርም!»

አለምነሽ እንደነገረችኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያችን ትንሽ የምትሰማ ጆሮውን በጋቢው ሸፈናት። አለምነሽ ብትለምነው፣ ብትጮህ፣ ትከሻውን ብትነቀንቀው አልዞር አለ። ገበያተኛው ግን ሰብሰብ ብሎ ነገሩን ራሱ ያዘው። አንዱ ዲያቆን «ወልድ ማለት ልጅ ማለት ነው፣ በዓለ ወልድ መሆን አለበት» ሲል ሰማሁ። ሌላው «አያ ፈንቴ የሚምለው በአማኑኤል ነው» ይላል። ድንች የምትሸጥ ሴት ደግሞ ያለ መድኃኔዓለም ሞቼ እገኛለሁ ትላለች።

«አምባ ጊዮርጊስ ለሦስት ተከፍሏል፤ እጅ እናውጣ ወይ?» አለችኝ አለምነሽ።

የእመቤታችን ልጅ ነገር በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ዝም ብዬ ልሰማ አልችልም። ያኔ አባባ የማይሰማ እንጂ የማያይ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በምስል ደወልኩ። ለጋናው ባልደረባዬ ስልኩን አስያዝኩትና ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ ለምን እንዳወለቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት እጆቼን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ፤ ራሴን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መድኃኔዓለምን ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል ብዬ ነው።

ባለሙያዋ የጋናውን ሰው በቀስታ «አሞታል?» ስትለው ሰማሁ።

«አይ፣ እየከፈለ ነው» አላት።

አለምነሽ ስልኩን አባባ ፊት ደቀነችው። መጀመሪያ ግንባሩ ታየ፣ ቀጥሎ አንድ ዓይኑ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሰቀሉት!» ብሎ ጮኸ። «ልጄን በሰው አገር ሰቀሉት! ኧረ የአገር ያለህ፣ ድረሱልኝ!»

ገበያው ተናወጠ። አንዷ እልል አለች፣ አንዷ ዋይ አለች፤ ማን ምን እንደ ገባው አላውቅም። እኔም እጄን እንዳላወርድ ምልክቱ ይበላሻል፣ እንዳልተወው አባቴ በድንጋጤ ሊሞትብኝ ነው። ስለዚህ እንደ ተሰቀልኩ ፈገግ አልኩለት። አለምነሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ «አያ ፈንቴ! ማንን ነው የመሰለው? ማንን?» ብላ ጮኸች።

አባባ እንባውን ጠርጎ እንደገና አየኝ። ራሱን እንደ እኔ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«ማንን ይመስላል፣ መድኃኔዓለምን ነዋ» አለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «እሱንማ ነው ያልኩህ! እመቤታችንን ከመድኃኔዓለም ጋር! ምነው ታዲያ ለዚህ ተሰቀልክ?»

በባዶ እግሬ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት። ማሽኑ አሰበ። ባለሙያዋም፣ የጋናው ሰውም፣ አምባ ጊዮርጊስም ትንፋሹን ያዘ። ጢጥ አለና ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። የጋናው ሰው አቀፈኝ፣ የማላውቃቸው ደንበኞች አጨበጨቡ፣ አለምነሽና ድንች ሻጯ እልልታውን አቀለጡት። አባባ ብቻ «ምን ተገኘ? ምን ተባለ?» እያለ የሰዉን ፊት ያይ ነበር። እዚያው ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው።

ጎንደር ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከብርቱካን ጋር በግ ገዝተን አምባ ጊዮርጊስ ሄድን። መናኸሪያው ላይ ገና ከአውቶቡሱ ስወርድ ተሸካሚዎቹ ግራና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ሰላም አሉኝ። ሁሉም የምስጢር ቁጥሬን ያውቃሉ። ብርቱካን ካርዱን ቀይር ስትለኝ ማንም ሌባ ከዚያ ኪስ ሊያወጣት እንደማይደፍር ነገርኳት።

ቤቱ ጎረቤት ሞልቶበታል። አባባ ዱካው ላይ ተቀምጧል። ባለሙያዋ እንዳሳየችኝ አድርጌ መስሚያውን ጆሮው ላይ ሰካሁና አበራሁት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ፣ ወደ ምድጃው አየ፣ ወደ በሩ አየ። አይሠራም ማለት ነው? ይህን ሁሉ የተሰቀልኩት ለከንቱ ነው? አለምነሽ መታገሥ አቃታትና ጆሮው ሥር ሄዳ እንደ ልማዷ «አያ ፈንቴ! ይሰማሃል ወይ?» ብላ አንቧረቀች።

አባባ ከዱካው ዘሎ ተነሳ። «ምነው ትጮሂያለሽ? ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባም ሳቁን ሰማና ደነገጠ፤ ሳቅ እንዲህ ይጮህ እንደነበር የረሳው ይመስለኛል። ከዚያ «እስኪ ተናገሩ፣ አንድ በአንድ» አለን። ለዓመታት ስንጮህበት የኖርን ሰዎች ሁሉ የምንለው አጣን። እርስ በርስ ተያየን። ይሄኔ ከውጭ፣ ከመንገዱ ላይ፣ ሁለት ሰዎች እያወሩ ሲያልፉ ተሰማ። ስለ አንድ በሬ ሽያጭና ስለ አንድ ሰው መኳረፍ ነበር። አባባ ጆሮውን አቀና። ዱላውን አነሳ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ወደ በሩ ተራመደ።

«ወዴት ነው አባባ? በጉ ሊቀርብ ነው እኮ!» አልኩት፤ ከልማድ የተነሳ ጮኼ።

«በጉ ታርዷል፣ የት ይሄዳል?» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ወሬ አምልጦኛል፤ ከየት እንደምጀምረው እንኳ እንጃ!»

ወጥቶ ሄደ። «ቆዩማ! ማነው ያኮረፈው?» እያለ ሰዎቹን ሲከተላቸው ድምፁ ይሰማን ነበር። ለእሱ ያረድነውን በግ ያለ እሱ በላን። ተመልሶ ሲመጣ ጀምበር ጠልቃ ነበር፤ ጆሮው ድኖ፣ ድምፁ ሰልሎ ገባ።